የአያቶቻችን ቤልጅግ አሜሪካ ገበያ ላይ ስንት ያወጣል?

ጠመንጃ አዋቂ ዋጋ ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም። ቃታውን ይከፍታል፣ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን ያያል፣ እንጨቱን ያንኳኳል፤ አፉን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ገበሬው በሬውን ሸጦ ጠመንጃ ሲገዛ እንዲህ ካደረገ፣ መንግሥት ያህል ነገር በመጋዘኑ ያደረውን የአያቶቻችንን ጠመንጃ ሲሸጥ እንዴት አድርጎ አይቶ ሸጠው? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ነገሩን ያልሰማ አንባቢ ይኖር ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ የጦር መሣሪያ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ባለፉት ዓመታት «ከኢትዮጵያ የመጣ» የሚል ማስታወቂያ እያወጡ ጠመንጃ በያይነቱ ሲቸበችቡ ቆይተዋል። ከኢትዮጵያ የጦር መጋዘን የወጣ መሆኑንም የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። ዝርዝሩን ያየ ሰው የታሪክ መጽሐፍ ማውጫ የሚያነብ ይመስለዋል። የጣሊያኑ ቬተርሊና ካርካኖ፣ የቤልጅግና የጀርመን ማውዘር፣ የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ፣ የአሜሪካኑ ኤም ዋን ካርባይን። አንዱ ተገዝቶ፣ አንዱ ተማርኮ፣ አንዱ በእርዳታ ተሰጥቶ የገባ ነው።

እስቲ እኛም እንደ ገዢ ቆመን እንያቸው። የቱ ነው ዕቃ፣ የቱ ነው ጉድ? (የጠመንጃዎቹ ሞዴል ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ያለ ክርክር አንደኛው ቤልጅጉ ነው። ሄርስታል ያለው ኤፍ ኤን ፋብሪካ የጀርመናዊውን የፓውል ማውዘርን የ1898 ንድፍ ይዞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያወጣው ነው። ቃታው ከፊት በኩል ሁለት ወፋፍራም ጥርሶች አሉት፤ እነሱ ቢከዱ እንኳ ከኋላ ሦስተኛ መጠባበቂያ አለ። ቀለሁን የሚጎትተው ረጅም ጥፍር ጥይቱን ከካዝናው ሲነሳ ጀምሮ አንቆ ይይዘዋል። ቀለህ ቢቀደድና እሳቱ ወደ ኋላ ቢመለስ ከተኳሹ ዓይን አርቆ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ተበጅቶለታል። ይህን ሁሉ ከድፍን ብረት ፈልፍሎ ለማውጣት የሚፈጀውን የማሽን ሰዓት ዛሬ የሚከፍል ፋብሪካ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሀብታም አዳኞች ዛሬም የሚገዟቸው ውድ ጠመንጃዎች ቃታቸው የዚሁ የማውዘር ልጅ ነው። በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ሊያሠለጥኑ ሲመጡ ጠመንጃውም አብሮ ነው የመጣው። የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው አሉ። ልብ በሉ፣ ሰብሳቢ ፈረንጅ ከብረቱ ዋጋ በላይ የሚጨምረው ገንዘብ ለአንበሳው ነው።

ካርካኖ ስሙ የጠፋ ጠመንጃ ነው። ስሙን ያጠፋውም ኦስዋልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በዚሁ ጠመንጃ ሲሆን፣ ኦስዋልድ ከቺካጎ በፖስታ ያስመጣው ከነመነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ወዲህ «ርካሽ የጣሊያን ብረት» የሚለው ስድብ ተጣብቆበት ቀረ። እኔ ግን ፍርዱ የተጣመመ ይመስለኛል። ብረቱ ጠንካራ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። ስድስት ጥይት የምታቅፍ ትንሽ ቆርቆሮ ከሌለችው ካዝናው አይሠራም፤ ቆርቆሮዋ ደግሞ የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ከታች ሾልካ ትወድቃለች። እሷ ከጠፋች ስድስት ጎራሹ አንድ ጎራሽ ሆነ ማለት ነው። ሌላው፣ 6.5 ይባል እንጂ የአፈሙዙ ቦይ ከሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች ሰፋ ይላል። የአሜሪካ ጥይት ሠሪዎች ለብዙ ጊዜ ቀጠን ያለውን እርሳስ እያጎረሱት «አይመታም» አሉት። ጫማ ሳይለኩ እግር ማማት ይኸ ነው! አርበኞቻችን በአምስቱ ዓመት ከጠላት ማርከው ጠላትን የመቱበት ጠመንጃ ነው፤ ከቤልጅግ አጠገብ ሲቆም አጨራረሱ ሸካራ መሆኑን ግን አልክድም።

ቬተርሊ የሽማግሌው ሽማግሌ ነው። 1870 የተሠራ፣ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ፣ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር። መጀመሪያ አንድ ጎራሽ ነበር፤ በ1887 አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ተጨመረለት። በ1888 ዓ.ም. የባራቲዬሪ ጦር ዓድዋ ይዞት የመጣው ይህንኑ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያኖች አፈሙዙን በጠባብ ቱቦ አልብሰው በአዲሱ ባሩድ እንዲተኩስ ያደረጉት ዓይነት ደግሞ ለባለቤቱ የሚያሰጋ ነው፤ ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ ትከሻ ላይ አይደገፍ። ጥራት ሌላ፣ ዋጋ ሌላ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ዕቃ ተብሎ ስለሚቆጠር እንደ ሌላው መሣሪያ በባለ ፈቃድ ነጋዴ በኩል ማለፍ አያስፈልገውም። ዓድዋ የዋለ ሊሆን የሚችል ጠመንጃ እንደ ሸሚዝ ተጠቅልሎ በፖስታ ደጅ ድረስ ይመጣል።

ስለ ቀሩት ብዙ አልልም። ሊ ኤንፊልድ አሥር ጎራሽ ነው፤ ቃታው ከማውዘርም ይፈጥናል፣ ምቾቱ ግን ያንሳል። ካርባይን በጦርነቱ ጊዜ ከስድስት ሚሊዮን በላይ የተመረተ ቀላል መሣሪያ ነው፤ ከሠሪዎቹ መካከል አይ ቢ ኤምና የሙዚቃ ሣጥን የሚሠራው ሮክ ኦላ ይገኙበታል። ለቅርብ ነው እንጂ ለሩቅ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ ልምጣ። የድሮ ጥይት መለኮሻው ውስጥ ያለው ኬሚካል ከተተኮሰ በኋላ ጨው ጥሎ ያልፋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበት ይጠራል። በዚያው ቀን በፈላ ውኃ ታጥቦ ዘይት ካልተቀባ አፈሙዙ ከውስጥ ይበላል። ገበሬው ይህን ኬሚስትሪ ባያውቅም ጠመንጃውን እንደ ልጁ ይወለውላል። የመንግሥት ዕቃ ማን ይወልውለው? ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ከነዚሁ አንድ ቤልጅግ ገዝቶ ስልክ ደወለልኝ። «አፈሙዙ ጥላሸት ይሁን ዝገት አይለይም፣ እንጨቱ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል፤ ግን አንበሳው አለ» አለኝ። የአሜሪካ ሕግ ያዛልና አስመጪው የራሱን ስምና ከተማ ብረቱ ላይ አስቀርጾበታል። ወዳጄ የከፈለው ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ ያውም ለተሰነጠቀ።

የጠመንጃ ንግድ ዱሮም አታላይ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ሬምቦ ነጋዴ በሆነበት ዘመን ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሊዬዥ ካሉ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኝ ዘመኑ ያለፈበት ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ወደ 40 ፍራንክ እንደሚሸጥ ገልጿል። ሄርስታል ማለት እንግዲህ የሊዬዥ ጎረቤት ናት። ንጉሡ ግን የዋዛ አልነበሩም፤ በ1879 ዓ.ም. ሬምቦ እንጦጦ ደርሶ ዕቃውን ሲያቀርብ ዋጋውን ሰባብረው፣ የሞተ ሸሪኩን ዕዳ ሳይቀር ቀንሰውበት ነው የሰደዱት። ዕቃቸውንም ዋጋቸውንም ያውቁ ነበር።

«መጋዘን ሞልቶ የሚበሰብስ ብረት ሸጦ ዶላር ማግኘት ምን ነውር አለው?» የሚል አይጠፋም። ምንም ነውር የለውም። እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ካርካኖዎች ለማንም አይጠቅሙም፤ ይሸጡ። ግን ሺህ ካርካኖና አንድ ባለ አንበሳ ቤልጅግ በአንድ ሣጥን ተጭነው፣ በአንድ ዋጋ ይውጡ ማለት ሌላ ነገር ነው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል፤ ያ ሁሉ አዳራሽ ለኮንክሪት ብቻ ነው የተሠራው? ከመጫኑ በፊት ከየዓይነቱ፣ ከየማኅተሙ፣ ከየዘመኑ ጥሩ ጥሩውን መርጦ ለሙዚየም ማስቀረት የአንድ ወር ሥራ ነው።

ስለዚህ የመከላከያ ሚኒስቴርና የቅርስ ባለሥልጣን አንድ ገጽ ወረቀት ያውጡልን፦ ስንት ጠመንጃ፣ ምን ዓይነት፣ ለማን፣ በስንት ዶላር፣ የቅርስ ባለሙያ አይቶት ነው ወይስ ሳያየው። መጋዘን የቀረ ካለም፣ ሣጥኑ ከመታሸጉ በፊት ቃታ ከፍቶ ማየት የሚያውቅ አንድ ሰው ይላክ።