ለደን ደረጃ ማን አዘዘ?

በደን የተሸፈነ ሸለቆን ለጎብኚ የምናዘጋጅበት መንገድ አሁን አሁን አንድ መልክ ብቻ ይዟል። መግቢያው ላይ ትልቅ በር ይቆማል። ከበሩ እስከ ጅረቱ የሲሚንቶ ደረጃ ይወርዳል። ጅረቱ አጠገብ ዙሪያው በግንብ የተያዘ፣ ወለሉ የተለሰነ ኩሬ ይቆፈራል፤ መሀሉ ላይ ውሃ ወደ ላይ የሚረጭ ቧንቧ ይተከላል። ግራና ቀኙን የመብራት ምሰሶ ይደረደርና ሪባን ይቆረጣል። አገሩ ደጋም ሆነ ወይና ደጋ፣ ዛፉ ጥድም ሆነ ባሕር ዛፍ፣ ንድፉ ያው ነው። እኛም «ጫካ የነበረው ቦታ ለማ» ብለን እናጨበጭባለን።

ይህ ጭብጨባ ይብቃን ባይ ነኝ። ሸለቆ ውስጥ የእግር መንገድ ማውጣት ከሁሉ በፊት የውሃ ጉዳይ ነው። ዝናቡ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ ያልጠየቀ ሰው የሚሠራው መንገድ ደኑንም፣ ጅረቱንም፣ መንገደኛውንም ይጎዳል። ጥፋቱ የአንድ ፓርክ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። ሁላችንም የተቀበልነው አስተሳሰብ ነው፦ ያልተለሰነ ነገር ያልተሠራ ይመስለናል።

የአዲስ አበባን ዙሪያ እንውሰድ። ይህ ደጋ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። ጤናማ ደን ውስጥ ዝናቡን መጀመሪያ ቅጠሉ፣ ቀጥሎ መሬት ላይ የረገፈው ብስባሽና ሣሩ ይቀበሉታል፤ ከዚያ አፈሩ ቀስ እያለ ይጠጣዋል። ሲሚንቶ ግን ጠብታም አይጠጣም። ያረፈበትን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ፣ ከእርከን እርከን እያዘለለ፣ ጉልበት ጨምሮለት፣ ደረጃው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ይለቀዋል። እዚያ ላይ ቦረቦር ይጀምራል። ውሃው በደረጃው ጎንና ጎንም አፈሩን ስለሚጠርግ፣ ክረምት በተፈራረቀ ቁጥር የሲሚንቶው ጠርዝ መደገፊያ አጥቶ ይንጠለጠላል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ግንባታ ይመስላል፤ በምረቃው ዕለት ማንም አያየውም።

ተጓዡም ቢሆን ደረጃውን አይወደውም። ተራራ ላይ ተደጋጋሚ ደረጃ መውረድ ጉልበት ይጎዳል፤ በክረምት ደግሞ ደረጃው የድንጋይ ሽበት ያበቅልና ያንሸራትታል። ስለዚህ ሰው ከደረጃው ወርዶ በጎን በኩል በሣሩ ላይ ይሄዳል። ሣሩ ይረገጣል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ በደረጃው አጠገብ ሌላ የጭቃ መንገድ ይወጣል። አንድ መንገድ ለመሥራት ወጪ አውጥተን ሁለት ቁስል አተረፍን ማለት ነው።

እንዴት ይሠራ ቢባል መልሱ አዲስ ግኝት አይፈልግም። የተራራ የእግር መንገድ በመሥራት የኖሩ ባለሙያዎች በብዙ አገር የሚስማሙባቸው ቀላል ደንቦች አሉ። መንገዱ ቁልቁለቱን በቀጥታ አይወርድም፤ ተዳፋቱን እያገደመ ይሄዳል። አቀበቱም ከተዳፋቱ ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ተዳፋቱ 30 በመቶ ቢሆን የመንገዱ አቀበት ከ15 በመቶ አይበልጥም፣ ርዝመቱ ሁሉ ሲታሰብ ደግሞ ወደ 10 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። ወለሉ ወደ ቁልቁለቱ በኩል 5 በመቶ ያህል ያዘነብላል፤ ያኔ ውሃው መንገዱን ተከትሎ ከመሮጥ ይልቅ አቋርጦት ያልፋል። በየተወሰነ ርቀት መንገዱ ትንሽ ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ ይላል፤ የተጠራቀመው ውሃ እዚያ ላይ ይወጣል። ጅረት ሲገኝ ጠንካራ ድንጋይ ለመረማመጃ ይደረደራል፤ ረግረግ ሲሆን ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መሄጃ ይዘረጋል። ዶማ፣ አካፋ፣ ድንጋይና ዓይን ያለው ሰው ይበቃል።

እንጦጦ ላይ ሲሆን ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሸንተረሩ የሁለት ተፋሰሶች ወሰን ነው፤ በደቡብ ፊቱ የሚወርደው ውሃ ከተማዋን አቋርጦ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል፣ በሰሜን ፊቱ የሚወርደው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በባሕር ዛፍ የተሸፈነው ይህ ተራራ ቅጠሉ ለማገዶ እየተጠረገ ስለኖረ አፈሩ በብዙ ቦታ እርቃኑን ነው። በተራቆተ አፈር ላይ የተሳሳተ መንገድ ማውጣት ለጎርፍ ቦይ ቆፍሮ እንደ መስጠት ነው። ከታች ያለው አባ ሳሙኤል ግድብ በደለል ሲሞላ ያየች ከተማ ከላይ የሚወርድ አፈር የት እንደሚያርፍ አላውቅም ማለት አትችልም።

ኩሬውን ደግሞ እንመልከት፤ የአሠራሩ ጉድ ይበልጥ የሚታየው እዚያ ነው። የተፈጥሮ ኩሬ ዳርቻው ቀስ እያለ የሚጠልቅ፣ ሣርና ፊላ የሚበቅልበት ነው። እንቁራሪት እንቁላሏን የምትጥለው፣ የውኃ ተርብ የሚራባው፣ ወፍ ወርዶ የሚጠጣው በዚያ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ገንዳ ዳር የለውም። የገባ ትንሽ እንስሳ መውጫ ያጣል፤ ውሃው ቆሞ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ከዚያ በኬሚካል ይታጠባል። አጠገቡ የሚፈሰው እውነተኛው ጅረት ግን የላይኛውን ሰፈር ፍሳሽ እንደተሸከመ ያልፋል። ሰው ሠራሹን ውሃ ለማጥራት የምናወጣውን ገንዘብ የወንዙን ምንጭ ለመጠበቅ ብናውለው ኖሮ ኩሬው ባላስፈለገን ነበር።

የጅረት ዳር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ ወደ ባሌ መሄድ ይቻላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በፓርኩ ደቡብ ባለው የሐረና ደን፣ ከባሌ ተራሮች ውጭ የማትታወቅ፣ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ያላት ትንሽ እንቁራሪት አለች። ሳይንስ የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የምትኖረው ሣር በለበሰ የትናንሽ ጅረቶች ዳር ነው፤ ዛሬ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ዝርያዎች ተመድባለች። ለእሷ ዓለም ማለት ያቺ የጅረት ጠርዝ ናት። በከብት ኮቴ የሚረገጠው ዳርቻ አልበቃ ብሎ፣ «ለጎብኚ እናሳምረው» ብሎ ጠርዙን በድንጋይና በሲሚንቶ የሚያስር ፕሮጀክት ቢመጣ እሷን ለማጥፋት አንድ ክረምት ብቻ ይበቃዋል።

ለሲሚንቶ የሚቆሙ ሰዎች መከራከሪያ አላቸው፤ መሰማትም አለበት። አንደኛው አዛውንትና አካል ጉዳተኞችስ የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ደረጃ አይደለም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው አንድም ደረጃ አይወጣም። ለእሱ የሚያስፈልገው ከበሩ አጠገብ የሚጀምር፣ ለጥ ያለ፣ በደቃቅ ጠጠር ተጠቅጥቆ የተደለደለ፣ ጅረቱን አሳይቶ የሚመለስ አጭር ዙሪያ መንገድ ነው። በእሱ ስም ደረጃ የሠራነው እሱን ሳንጠይቅ ነው። ሁለተኛው መከራከሪያ ሲሚንቶ ይቆያል የሚል ነው። የተሰበረ ደረጃ መጠገን ግን መኪና፣ አሸዋና ኮንትራክተር ይጠይቃል፤ የአፈር መንገድ አንድ የአካባቢው ሰው በዶማ ጠዋት ይጠግነዋል።

በሌላ ወገን «ደኑን አትንኩት፣ መንገድም አያስፈልገውም» የሚሉ አሉ። ከእነሱም አልስማማም። ቅዳሜና እሁድ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ፣ ስፒከር አንጠልጥሎ ወደ መናገሻ ሱባ ወይም ወደ ወንጪ የሚወጣው የሃይኪንግ ቡድን መንገድ ቢኖርም ባይኖርም መሄዱ አይቀርም። መንገድ ካልተበጀለት በየፊናው ያወጣል። ጭቃ ሲያጋጥመው በዳር ይዞራል፤ የሚከተለው ደግሞ ከዳሩም ወዲያ ይዞራል፤ ለአንድ ሰው የምትበቃ ቀጭን መንገድ የከብት መንጃ ታህላለች። በደንብ የተሠራ መንገድ ሰውን በአንድ መስመር ይዞ የቀረውን ደን ለድኩላውና ለጉሬዛው ይተዋል። ደንን ከሰው የሚያድነው ጥሩ መንገድ ነው።

ዕውቀቱ ከውጭ የሚመጣ እንዳይመስለን። የኮንሶ ሕዝብ ያለ ሲሚንቶ በተካበ ድንጋይ እርከን ሠርቶ፣ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አስልቶ፣ ለዘመናት ተዳፋት ላይ ኖሯል፤ መልክዓ ምድሩም እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከባህላዊ ደኖቹ አጠገብ «ሀርዳ» የሚባሉ የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች አሉት፤ የሚቆፈሩትም የሚጠገኑትም በጋራ ነው። ቁም ነገሩ ጥገናው ነው። መናገሻ ሱባም ቢሆን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ ጥዱ ዛሬ ድረስ የቆመው ግን በተተከለበት ቀን ደስታ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በጠበቁት ሰዎች ድካም ነው።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ይገኛል። የሸለቆ መንገድ ገንዘብ የሚመደብለት እንደ ሕንፃ ነው፤ አንድ ጊዜ ይገነባል፣ ይመረቃል፣ ይረሳል። ደረጃ በሜትር ተለክቶ ይከፈልበታል፤ ኩሬ ፎቶ ይወጣለታል። በትክክል ያዘነበለ የአፈር መንገድ ግን በፎቶ አይታይም፤ ሥራው በትክክል ሲሠራ ምንም የተሠራ አይመስልም። በሐምሌ ዝናብ ቦዩን የሚጠርግ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ የምረቃ ንግግር ውስጥ አይገባም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ኮንትራክተሩ ሲሚንቶ ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ሲሚንቶ እንዲመርጥ የከፈልነው እኛ ነን።

ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ንድፍ አውጪው ወረቀት ከመዘርጋቱ በፊት ሸለቆውን አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በዝናብ ይሂድበት፤ አብሮትም እንጨት የሚሸከሙትንና ከብት የሚያግዱትን የአካባቢውን ሰዎች ይውሰድ፤ ውሃው የቱን መንገድ እንደሚበላ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ኩሬ የግድ ካስፈለገ ዳርቻው ለእንቁራሪት ይሁን። ለግንባታ ከሚመደበው ገንዘብ ለጥገና የሚሆነው ድርሻ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሥራውም ለአካባቢው ወጣቶች በቋሚነት ይሰጥ። ክፍያውም በሦስት ተከፍሎ የመጨረሻው የሚለቀቀው መንገዱ ሦስት ክረምት አልፎበት ሲቆም ይሁን። በዚህ ውል ሲሚንቶ ለመጫረት የሚደፍር ኮንትራክተር ካለ፣ ያኔ ደረጃውን ይሥራ።