ወረቀቱን ለባለሙያ፣ የዱቤውን ደብተር ለራስ

በሞያሌ መስመር የምንሠራ ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች ሥራ ለሰው የምንሰጠው በተገላቢጦሽ ነው። ለትራንዚተር የሚከፈለው እያሳሳን የጉምሩኩን ወረቀት ራሳችን ይዘን እንዞራለን፤ የዱቤውን ደብተርና የመጋዘኑን ቁልፍ ግን ለዘመድ ልጅ ትተን እንሄዳለን። በእኔ አስተያየት ይህ መገልበጥ አለበት።

ዲክላራሲዮን መሙላት ሙያ ነው። የታሪፍ ቁጥሩ ከተሳሳተ ቀረጡ ይለወጣል፣ መኪናው ቆሞ ያድራል፤ ቲማቲም ጭኖ የሚያውቅ ሰው ያ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ ድንበር ኬላም ፍተሻውን አንድ ቦታ ሰበሰበው እንጂ ወረቀቱን አላስቀረውም። የግብር ሒሳብም እንዲሁ ለባለሙያ የሚሰጥ ነው።

ዋጋ መቁረጥ፣ ዕቃ ቆጥሮ መረከብና ዱቤ ግን የባለቤቱ ናቸው። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚመነዘር ትናንት የተቆረጠ ዋጋ ዛሬ ሊያከስር ይችላል። ዱቤም የሚሰጠው ሰው ታይቶ ነው፤ ደንበኛውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዘመድ ቢያጎድል ደግሞ መጠየቁ ይከብዳል፤ ገንዘቡም ዝምድናውም አብሮ ይሄዳል።

«ትርፌ ለትራንዚተር አይበቃም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ለአንድ ሰው ሊከብድ ይችላል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከአንድ ትራንዚተር ጋር በቋሚነት ብትሠሩ ግን በዋጋው መደራደር ትችላላችሁ። ሰጠን ብላችሁም አትርሱት፤ ቅጂውን ተቀብላችሁ አንብቡ። እዚያ ላይ የሰፈረው የእናንተ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው።