የተመዘነ እጅ አለም ገና ላይ ለምን ይቆማል?

 

ጠዋት ከተፍኪ ተነስቶ፣ በሰበታና በአለም ገና አልፎ አየር ጤና የሚደርስ ሹፌር በመንገድ ላይ ስንት ጊዜ መንጃ ፈቃድ ይቀይራል? አንድም ጊዜ። ፈቃዱን ኦሮሚያ ይስጠው አዲስ አበባ፣ በኪሱ ያለው አንዱ ይበቃዋል። ከኋላው የተቀመጠችው ባለሙያ ግን እንዲህ አልታደለችም።

በሰፈራችን የምናውቃት አንዲት እህት አለች። በየቀኑ አዲስ አበባ እየተመላለሰች የውበት አጠባበቅና የማሳጅ ሙያ ተማረች። የትራንስፖርቱን ብር እናቷ ከጉልት ንግድ እየቆጠበች ሰጠቻት። ተመዘነች፣ አለፈች፣ ሲኦሲዋን ያዘች። ሐሳቧ እዚሁ ተፍኪ ሴቶች ብቻ የሚገለገሉበት ቤት መክፈት ነበር። ሂጃቧን ያለ ስጋት የምታወልቅበት፣ ወገቧን የታመመች እናት በሴት እጅ የምትታሽበት ቤት። ወረቀቷን ይዛ ስትሄድ ያገኘችው መልስ ግን «ይሄ የአዲስ አበባ ነው፤ እዚህ እንደገና ተመዘኚ» የሚል ሆነ። ሌላ ክፍያ፣ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ወራት። እዚህ ተመዝነው አዲስ አበባ ሥራ ሲጠይቁ ይህንኑ የሰሙ ወንድሞችም አሉን።

እንግዲህ እንጠይቅ፦ ድጋሚ የሚመዘነው ምኑ ነው? የሙያ ደረጃው የሚወጣው በአገር አቀፍ ደረጃ ነው። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የሚመዝኑት በዚያው ደረጃ ነው። የጀርባ ጡንቻ አለም ገና ሲደርስ አይለወጥም።

ሕገ መንግሥቱም ግልጽ ነው። አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በየትኛውም ቦታ በነፃነት ሠርቶ የመተዳደር መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 32 ደግሞ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታን የመምረጥ ነፃነትን ይሰጣል። ሰውየው እንዲሄድ ተፈቅዶ ሙያው ከኋላ እንዲቀር ከተደረገ መብቱ ምን ጠቀመው? በተለይ ለእኛ ነገሩ የዕለት ጉሮሮ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። ሕዝቡ ግን ዛሬም አንዱ ጋ አድሮ ሌላው ጋ ይሠራል።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ጥያቄ የሚያነሱት ቢሮዎችም ምክንያት አላቸው። ሐሰተኛ ሰርተፍኬት ገበያውን አጥለቅልቆታል። ሳይማር በገዛው ወረቀት የሰው ወገብ የሚጫን ሰው አካል ሊያጎድል ይችላል። ቋንቋም አለ። ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ እናት የት እንደሚያማቸው ሊረዳላቸው የሚችል ባለሙያ ይገባቸዋል። ቋንቋውን መማር የእኛ ፋንታ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ እውነተኛ መሆኑን ማጣራት አንድ ነገር ነው፤ የተመዘነን ሰው እንደገና መመዘን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ከቢሮ ወደ ቢሮ በሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ያልቃል። ሁለተኛው ግን የድሃ ልጅ ኪስ ያራቁታል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥም የማሳጅ ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየግዛቱ ነው፤ ድንበር የተሻገረ ባለሙያ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ክፍያ ይጠብቀዋል። መፍትሔ ብለው የያዙት በግዛቶች መካከል የሚደረግ የጋራ ስምምነት ነው። ኔቫዳ እ.ኤ.አ. በ2023 በሕግ አጽድቃ ቀዳሚ ሆነች፤ ስምምነቱ የሚጸናው 7 ግዛቶች ሲቀበሉት ነው። መንገዱ ቀላል ነው፦ መመዘኛውን በጋራ መወሰን፣ መረጃ መለዋወጥ፣ ከዚያ መተማመን። እኛ ዘንድ የጋራው መመዘኛ አስቀድሞ አለ። የጎደለው መተማመኑ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የምዘና ተቋማት አንዱ የሌላውን ሰርተፍኬት በፍጥነት የሚያጣሩበት መስመር ይዘርጉ። ሁለተኛ፣ «አንቀበልም» የሚል ቢሮ ምክንያቱንና የሕግ መሠረቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ በቃል የተባለ እምቢታ ይግባኝ የለውም።

ወደ ራሳችንም እንመለስ። ለትምህርት ከመመዝገባችሁ በፊት ተቋሙ በዚያ ሙያና ደረጃ ዕውቅና እንዳለው ጠይቁ። «ሳትመዘን ሲኦሲ እናወጣልሃለን» የሚል ደላላ ሲመጣ ሽሹ። ወረቀት የገዛ ሰው ራሱን ብቻ አይደለም የጎዳው፤ በሐቅ የተማረችውን የዚያችን እህት ወረቀት አስጠርጥሮባታል። ይህ አማና ማጉደል ነው፤ በእሱ የሚገኘውም እንጀራ ሐላል አይሆንም።

ዱሮ ጎበዝ ወጌሻ ስሙ ከተፍኪ እስከ ቱሉ ቦሎ ይሰማ ነበር። ሰው ሲሰበር ወይም ሲወለም «ወረዳህ የት ነው?» ብሎ የጠየቀው የለም፤ እጁ ይታወቅ ነበር። ዛሬ እጅን የሚመሰክር ወረቀት አለን። ያ ወረቀት ከእጁ ቀድሞ መቆም የለበትም።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና ሰፊ ያድርግልን።