ፎቶ የማይነሳው በሽታ

ሰሞኑን ፌስቡኬ በዓይን ሕክምና ዘመቻ ፎቶ ተሞልቷል። አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ እናቶችና አባቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፣ ከኋላ ባነር አለ፣ ከጎን ጋዋን የለበስን እኛ አለን። ከሥር ደግሞ ቁጥር፤ ይሄን ያህል መቶ ሰው ብርሃኑ ተመለሰለት ይላል። ኮሜንቱ በሙሉ «እጃችሁ ይባረክ» ነው። ይባረክ፣ እኔም ላይክ አድርጌያለሁ። ሞራ ስገፍፍ የኖርኩ ሰው ነኝና ፋሻው ሲነሳ የሚሰማውን እልልታ አውቀዋለሁ። የልጅ ልጃቸውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አይተው እየሳቁ የሚያለቅሱ አዛውንት ያየ ሰው ይህን ሥራ ሊያቃልል አይችልም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። በዚህ ፎቶ ብዛት የዓይን ሐኪም ሥራ ማለት ሞራ መግፈፍ፣ ጎበዝ ሐኪም ማለት ብዙ የገፈፈ ሆኗል። ግላኮማን ጤና ቢሮውም፣ ለጋሹም፣ የሆስፒታል አስተዳደሩም፣ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼም ጓዳ ውስጥ ትተውታል።

ለማያውቅ ላስረዳ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ሲደበዝዝ ነው። የደበዘዘውን አውጥተህ ሰው ሠራሽ ሌንስ ትተካለህ። ሃሮልድ ሪድሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ላይ የመጀመሪያውን ሌንስ ካስገባ ወዲህ ሥራው እየረቀቀ መጥቶ፣ ዛሬ እጁ የተፈታ ሐኪም ያለ ስፌት በአሥር ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል። ግላኮማ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ቀስ በቀስ ይሞታል፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ካለው ግፊት የተነሳ። ብዙው ዓይነት አያምም፣ አይቀላም። ከዳር ከዳር እየበላ ነው የሚመጣው፤ ሰውየው መሐሉን ስለሚያይ ደህና ነኝ ይላል። ትከሻው ከመቃን ጋር ይጋጫል፣ ጎረቤቱን ከጎን ሳያየው ሲያልፍ ደግሞ «ኮራ» ይሉታል። ነገሩ ሲገባው አንዱ ዓይን አልቋል። የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም፣ አዲስ አበባም ብትሄድ፣ ቤት ሸጠህ ባንኮክም ብትሄድ።

እስቲ የሐኪሙን ዕጣ አስቡት። ሞራ የሠራ ሐኪም በማግስቱ ጠዋት ይመረቃል። ግላኮማ የሠራውስ? ካምብሪጅ ይሠራ የነበረው ኬርንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቀው ትራቤኩሌክቶሚ እስከ ዛሬ ዋናው ቀዶ ሕክምናችን ነው። ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር፣ በነጩ ክፍል ላይ ውሃው የሚወጣበት ትንሽ መንገድ ትከፍታለህ። (ሌላው ሐኪም ቁስሉ ቶሎ እንዲገጥም ይጸልያል፣ እኛ እንዳይገጥም መድኃኒት እንቀባለን። ሥራችን እንዲህ የተገላቢጦሽ ነው።) ከዚያ በሳምንቱ፣ በሁለት ሳምንቱ፣ በወሩ እየጠራህ ግፊቱን ትለካለህ፣ ስፌቱን ትፈታለህ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሁሉም በሰላም አልቆ፣ ሕመምተኛው ምን ይልሃል? «ዶክተር፣ ሳትነካኝ በፊት የተሻለ አይ ነበር እኮ!» ልክም ነው፣ ለጥቂት ሳምንታት ብዥ ይልበታል። ሥራህ የተሳካ እንደሆነ የሚታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ያ ሰው አሁንም ብቻውን ገበያ ሲሄድ ነው። ያን ቀን ካሜራ የሚይዝ የለም።

«ግላኮማ እኮ ትንሽ ነው፣ ቅድሚያ ለብዙው» የሚሉኝ አሉ። የሚጠቅሱትን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ሥውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ ነበር። እሺ። ግን እንዲህ ያለ የመስክ ጥናት በአብዛኛው የሚለካው ሰውየው የተገለባበጠችውን ኢ ፊት ለፊቱ ለይቶ ማየቱን ነው። ዳሩ ሙልጭ ብሎ የተበላበት ሰው መሐሉ እስካለ ድረስ «ያያል» ተብሎ ይመዘገባል። ደግሞስ ግማሹን በአሥር ደቂቃ መመለስ ይቻላል፣ 5.2ቱን ማን ይመልሳቸዋል?

ችግሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ 2030 የሚደርሱ ሁለት የዓይን ጤና ግቦችን አጸደቀ፤ አንዱ ለመነጽር፣ አንዱ ለሞራ ቀዶ ሕክምና። ለግላኮማ ግብ አልተቀመጠለትም። ለጋሽ ገንዘቡን የሚያወጣው ደግሞ ግብ ባለበት ነው። በአንድ ወቅት የሠራሁበት ሆስፒታል የወር ሪፖርት ቅጽ ላይ ለሞራ ገፈፋ ራሱን የቻለ ሳጥን ነበረ። የግላኮማ ክትትል የሚሞላው «ሌሎች» በሚለው ውስጥ ነበር፣ ከዓይን ጉድፍ ጋር! ቀኑን ሙሉ ሠላሳ የግላኮማ ሕመምተኛ ያየ ሐኪም በዚያ ቅጽ ሥራ ፈት ይመስላል።

ውጤቱን በየቀኑ እናየዋለን። ሞራው ተገፎለት ብርሃን ያልመጣለት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሌንሱ ጥሩ ተቀምጧል፣ ቁስሉ ንጹሕ ነው፣ ከኋላ ያለው ነርቭ ግን ከሞተ ቆይቷል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ግፊቱን የለካው የለም፣ ብርሃን ሲበራበት ብሌኑ እንዴት እንደሚመልስ ያየ የለም። ምስኪኑ ከሁለት ቀን መንገድ ተስፋ ተሸክሞ መጥቶ ተስፋውን ጥሎ ተመለሰ። ሰፈሩ ደግሞ «ኦፕሬሽን አጠፋው» ይላል፣ ሞራ ያለበት ጎረቤቱም ሁለተኛ አይመጣም። ስለዚህ ግላኮማን የናቀ ዘመቻ ሞራውንም ይጎዳል።

የጠብታው ጉዳይማ አይነሳ። ዓይኑን የሚያሳክከው ልጅ ፋርማሲ ሄዶ ዴክሳሜታዞን ያለ ማዘዣ ይገዛል። ቶሎ ያሽለዋል፣ ስለዚህ ደጋግሞ ይገዛል፣ በዓመቱ በሁለት ዓመቱ ግፊቱ ሰማይ ነክቶ ይመጣል። ሞራም ግላኮማም በአንድ ጠርሙስ! ፋርማሲስት ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ያችን ብልቃጥ ያለ ማዘዣ አትስጡ።

ይህን ስል «ታዲያ ምን ይደረግ፣ አገሩ ድሃ ነው» የሚል አይጠፋም። ታንዛኒያም ሀብታም አይደለችም። ሞሺ ከተማ፣ ኪሊማንጃሮ ሥር ባለው ሆስፒታል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የደቂቃዎች የሌዘር ሕክምናን ከቲሞሎል ጠብታ ጋር አወዳድሮ ነበር። በዓመቱ ሌዘሩ በግልጽ በለጠ። ለእኛ ሕመምተኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባው ይገባዋል፤ ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ጠብታ ግዛ፣ ስታልቅ ከተማ ውረድ፣ ደህና ቢመስልህም አታቋርጥ ስንለው የኖርነው ሰው ነው። ለዘመቻ የሚወጣው ገንዘብ የተወሰነው መሣሪያውን ቢገዛ፣ የሚሠራበትን ሐኪም ቢያሠለጥን ምን ይጎድላል?

ሐኪሙ ግን ከየት ይመጣል? ሬዚደንቱ የሚጠየቀው «ስንት ሞራ ሠራህ?» ተብሎ ነው፣ ስለዚህ ለግላኮማ ክሊኒክ ተራው ሲደርስ ፊቱ ይጠቁራል። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በቅርቡ ግላኮማ ልማር ነው ብላ ስትነግራቸው የገዛ ሲኒየሮቿ «ምን አጠፋሽ?» ብለው ቀለዱባት። እኔ እሷን ነው የማደንቀው። ይሄን እያነበብሽ ከሆነ ወደኋላ እንዳትዪ፣ የድጋፍ ደብዳቤው እሑድ ማታ ተፈርሞ ይደርስሻል።

ዘመቻ ለምትወጡት ተማሪዎቼ፦ ባነሩ ከመጫኑ በፊት ቶኖሜትሩ መኪናው ላይ መኖሩን እዩ። ለምታነቡኝ ሁሉ ደግሞ፦ እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለባቸው እናንተም ተመርመሩ። መነጽር ቤት ገብቶ ቁጥር መለካት አይበቃም፤ ግፊቱ ይለካ፣ ነርቩም ይታይ። በውስጥ መስመር ደግሞ እባካችሁ የዓይናችሁን ፎቶ አትላኩልኝ፣ ግላኮማ በሞባይል ፎቶ አይታይም።