መምህር ዲግሪ ሲጨምር ከክፍል ለምን ይወጣል?

ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስቡ መምህራን ብዙዎች ናቸው። ጥያቄው በምን ይማሩ የሚለው ነው። የፊዚክስ መምህር በፊዚክስ፥ የታሪክ መምህርም በታሪክ ይቀጥል የሚሉ አሉ፤ ያላወቁትን ማስተማር አይቻልምና ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን ለሁለተኛ ደረጃ መምህር ይበልጥ የሚጠቅመው የሥርዓተ ትምህርትና የማስተማር ዘዴ ጥናት ነው እላለሁ።

በብዙ ቦታ አንድ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ይቆይና ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ብርሃን አስተፃምሮ ብሎ በሚገባ ያወቀውን ነገር በሌላ ስም ሲሰማው እንደ አዲስ ነገር ይደነግጣል። መምህሩ ትምህርቱን ያውቃል፤ የቸገረው ማድረሻው ነው። የትኛው ቃል አስቀድሞ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ? ተማሪው በራሱ ቋንቋ የሚወያየው መቼ ነው? ፈተናውስ የሚለካው ባዮሎጂውን ነው ወይስ እንግሊዝኛውን? የባዮሎጂ ዲግሪ በዲግሪ ላይ ቢደራረብ ይህን አይመልስም።

አሜሪካዊው ሊቅ ራልፍ ታይለር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ አራት ነገሮችን ጠይቋል፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱ ምን ዓላማ አለው፥ ወደዚያ የሚያደርሰው ምን ዓይነት ልምድ ነው፥ ልምዱ እንዴት ይደራጅ፥ ዓላማው መድረሱስ በምን ይታወቅ የሚሉት ናቸው። እነዚህ ለሚኒስቴር ሹማምንት ብቻ የተጻፉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በየማለዳው መልስ የሚሰጣቸው ጠመኔ ይዞ የሚገባው መምህር ነው።

ከ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ በሆኑ ጊዜ፥ ገሚሱ ተማሪውን ገሚሱም መምህሩን ወቀሰ። የታይለርን አራተኛ ጥያቄ በየክፍሉ ከዘጠነኛ ጀምሮ ማን ጠይቆ ነበር? በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፤ እርከኑም ከ8-2-2 ወደ 6-2-4 ተለወጠ። መጽሐፍ ቢለወጥም መጽሐፉን ከልጁ ጋር የሚያስታርቀው መምህሩ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በዚህ ጥናት ዲግሪ የያዘ መምህር ብዙ ጊዜ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ኮሌጅ ይሄዳል። የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ያለበት ሰው ነውና አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ስለ ክፍል የተማረው ሰው ክፍሉን ለቆ ሲሄድ ትርፉ የማን ነው?

ስለዚህ የክረምቱ ትምህርት ይበረታታ፤ መምህሩ ከመስከረም እስከ ሰኔ ከተማሪዎቹ አይለይምና። የመመረቂያ ጽሑፉም በሩቅ አገር ነገር ላይ ሳይሆን በሚያስተምርበት ክፍልና በያዘው መጽሐፍ ላይ ይሁን። ሲመለስም ትምህርት ቤቱ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ቀንሶለት የባልደረቦቹን የትምህርት ዕቅድና የፈተና ጥያቄዎች አብሯቸው ይመርምር፤ የደረጃ ዕድገቱና ደመወዙም በዚህ ሥራ ይታሰብለት።