ለሰኞ አጥቢያ

ስለ መንገድ የሚጻፈው ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሄድ ነው፤ ስለ መመለስ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ሰው ከአገር ሲወጣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ምርቃት ይወርዳል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል። ሲመለስ ግን «እንኳን ደኅና ገባህ፣ ምን ይዘህልን መጣህ?» ከማለት በቀር ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈው የሚጠይቀው የለም። ዛሬ ከአንባቢዎቼ ጋራ ልጨዋወት የፈለግሁት ስለዚሁ ስለማይጠየቀው ሌሊት ነው። ይኸውም አራት ቀን በባዕድ ከተማ ሰንብቶ፣ በርካሹ ማዕረግ ተቀምጦ፣ ሌሊቱን በሰማይ ላይ አሳልፎ ጎሕ ሲቀድ ቦሌ ስለሚወርደው ሰው ነው።

ምሳሌ ይሆነን ዘንድ ዱባይን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ የአራት ሰዓት ያህል በረራ ብቻ ስለሆነች ነጋዴውም፣ ሙሽራውም፣ ጥቂት ቀን ፈቃድ ያገኘው ሠራተኛም ብቅ ብሎ የሚመለስባት ከተማ ሆናለች። እንግዳው በመጀመሪያው ቀን እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀውን፣ 828 ሜትር የሚረዝመውን ቡርጅ ከሊፋን አንገቱን እስኪያመው ድረስ ሽቅብ ሲመለከት ይውላል። በሁለተኛው ቀን ዴራ ወርዶ የወርቁን ገበያ በዐይኑ ይገዛል። በሦስተኛው ቀን ከሰው ጋራ ተጋፍቶ በእንጨት ጀልባ ወሽመጡን ይሻገራል። በአራተኛው ቀን ኪሱ ይጎድልና ሻንጣው ይሞላል፤ እነዚህ ሁለት ነገሮች ምንጊዜም ባንድ ቀን ይገጣጠማሉ።

እንግዲህ መመለሻው ደረሰ። ችግሩ ገና ከቲኬቱ ይጀምራል። ቲኬቱ «ሰኞ 2፡00» ይላል እንበል። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ እኛ ግን «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» እንለዋለን። ፈረንጁ ቀኑን የሚለውጠው ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ በእኩለ ሌሊት ነው፤ ለእኛ ግን ካልነጋ ሰኞ አይባልም። ስለዚህ «የምሄደው ሰኞ ነው» ብሎ እሑድ ማታ ራቱን በልቶ የተኛ መንገደኛ፣ ሰኞ ጧት ሲነቃ አይሮፕላኑ ከቦሌ ደርሶ ቆይቷል። ከዚህ የሚያድነው መድኀኒት ቀላል ነው። «አጥቢያ» የምትባለውን ያባቶቻችንን ቃል ይዘው፣ በቲኬትዎ ጀርባ ላይ «እሑድ ምሽት በ5 ሰዓት ከማረፊያው መድረስ» ብለው በእጅዎ ይጻፉ። ከዚያ ወዲያ የፈረንጁ ሰዓት አያታልልዎትም።

ከማረፊያው ሲደርሱ የሚያዩት ሌላ ትርዒት ደግሞ አለ። ብዙዎቹ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎ ነው። የኛ ሰው ግን ሻንጣውን የሚሞላው በፍቅር እንጂ በሚዛን አይደለምና፣ ከሚዛኑ ፊት ሻንጣ ይከፈታል፣ ብርድ ልብስ ይዘረገፋል፣ ጫማ ከጫማ ይለያል። በመጨረሻም በዚያ በበረሓ ሙቀት ሦስት ካፖርት ደራርቦ የሚቆም ሰው ይገኛል። ይሥቁበት ይሆናል። ነገር ግን ካፖርቶቹ የማን እንደሆኑ ቢጠየቅ አንዱ ያባቱ፣ አንዱ የወንድሙ፣ አንዱ ያክስቱ ልጅ ነው።

«ለመሆኑ ይህ በረራ ስለምን በሌሊት ሆነ?» ብሎ የሚያጉረመርመው ብዙ ነው። ነገሩ ተንኮል ሳይሆን ሒሳብ ነው። አይሮፕላን በምድር ላይ ቆሞ ሲያድር ገንዘብ ይበላል እንጂ አያመጣም። ከዚህም በላይ አዲስ አበባ ለአፍሪካ የመገናኛ በር ሆናለች። ከባሕረ ሰላጤው፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት አይሮፕላኖች ብዙዎቹ ሌሊቱን በረው ማለዳ ቦሌ ያርፋሉ። ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ሌጎስ ወይም ወደ ሉሳካ የሚያልፈው መንገደኛም ጧት በሚነሡት ላይ ተሳፍሮ በዚያው ቀን ካሰበበት ይገባል። የዱባይ ማረፊያ ሌሊትም በሩን አይዘጋም። የጀርመኑ ፍራንክፈርት ግን እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ፣ በአካባቢው የሚኖሩት ሰዎች እንዲተኙ ሲባል፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አያስተናግድም። እንቅልፍ ዋጋ እንዳለው እዚያ በሕግ ተጽፏል፤ በቲኬት ላይ ግን አይጻፍም። የሌሊቱ በረራ ርካሽ መስሎ የሚታየንም ለዚህ ነው።

ስለ ወንበሩም ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. በ1952 አትላንቲክን በሚሻገሩ አይሮፕላኖች ላይ «ቱሪስት» የሚባል ዋጋው የቀነሰ ማዕረግ ተከፈተ፤ በ1958 ደግሞ ከዚያም የረከሰው «ኢኮኖሚ» ተጨመረ። ከዚያ አስቀድሞ በአይሮፕላን መሄድ የባለጠጋና የባለሥልጣን ነገር ነበር። ስለዚህ ይህን ወንበር ከማማረራችን በፊት ልናመሰግነው ይገባል፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ደመወዝተኛው ሁሉ ዱባይን የሚያያት በካርታ ላይ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ምስጋና ጉልበትን አያሳጥርም። ካንዱ ወንበር ጀርባ እስከ ሌላው ወንበር ጀርባ ያለው ርቀት በአብዛኛው ከ76 እስከ 81 ሳንቲ ሜትር ነው። የመቀመጫው ስፋትም 45 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ በኛ ልክ አንድ ክንድ በቅጡ የማይሞላ ነው። በዚህች አንድ ክንድ ውስጥ እንዲተኙ ይጠበቅብዎታል።

«አይሮፕላን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ራሴን ያመኛል» የሚሉ አሉ። በበረራ ላይ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት በአብዛኛው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ ከሚገኘው ጋራ የተስተካከለ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ያለችው 2,300 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣው መንገደኛ ተራራ የወጣ ያህል ሲሰማው፣ የአዲስ አበባው ሰው ግን ያገሩን አየር እየተነፈሰ ነው፤ በአየሩ መሳሳት ማመካኘት አይችልም። የሚጎዳው ይልቅ ድርቀቱ ነው። የውስጡ አየር እርጥበት ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 እጅ በታች ይወርዳል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ዐይን ይቆጠቁጣል፣ ምላስም የጨውንና የስኳርን ጣዕም በደንብ አይለይም። ምግቡ ጣዕም የለውም ብለው ወጥ ቤቱን ከመርገምዎ በፊት ይህን ያስታውሱ። ውሃ ደጋግመው ይጠጡ፤ መጠጡን ለቤትዎ ያቆዩት።

እግርንም መርሳት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱን አደጋ እጥፍ ያህል እንደሚያደርገው ገልጿል። ይህ በአይሮፕላን ብቻ ሳይሆን በባቡርም፣ በአውቶቡስም፣ በመኪናም ያው ነው። የሚያገኘው ከ6,000 መንገደኞች አንዱን ያህል ስለሆነ ሊያስፈራዎት አይገባም፤ ነገር ግን ቁርጭምጭሚትን ማዟዟር፣ ተረከዝን ማንሣትና መጣል፣ አንድ ሁለት ጊዜም ተነሥቶ በመተላለፊያው መራመድ የሚያስከፍለው ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንምጣ። እሑድ ጧት በ1 ሰዓት የነቃ ሰው ቀኑን በገበያ ሲዞር ውሎ፣ ሌሊት በ8 ሰዓት ተነሥቶ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም ቦሌ ይወርዳል። በመንገድ ካልተኛ 23 ሰዓት ያህል ነቅቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአውስትራልያና የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ከ17 እስከ 19 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ፍጥነቱና ትኩረቱ የሚቀንሰው፣ በብዙ አገሮች መኪና ከመንዳት በሚከለክለው መጠን አልኮል እንደጠጣ ሰው ነው። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ከቦሌ መኪናውን አስነሥቶ የሚነዳው፤ ይኸው ሰው ነው ፊቱን ታጥቦ በ2 ሰዓት ከመርፌና ከመድኀኒት ፊት፣ ከባንክ መስኮት ወይም ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆመው። «አንድ ቀን ፈቃድ ቆጠብሁ» ይላል። ቆጥቦም አይደለም፤ ለታካሚው፣ ለተማሪውና በመንገድ ዳር ለሚያልፈው እግረኛ አስከፈለው እንጂ። አስተማሪ ስለሆንሁ አንድ ነገር ልመስክር፤ አርባ ተማሪ ያስተማሪውን ዐይን አይቶ እንቅልፍ ማጣቱን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ያንን ቀን እንዴት እንደሚጠቀምበትም ያውቃል።

የዚህ ሌሊት ሒሳብ ግን በዚህ አያበቃም፤ በጎን የተቀመጠ ሰው አለና። ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው የሌሊት አይሮፕላን ኢኮኖሚ ክፍል ሁለት ዐይነት መንገደኛ አጣምሮ ይይዛል። አንዱ አራት ቀን ሰንብቶ የሚመለሰው ጎብኚ ነው። ሌላዋ በሰው ቤት ሠርታ ከዓመታት በኋላ የምትመለሰው እኅታችን ናት። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ወራት ብቻ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ150,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው በአይሮፕላን ተመልሰዋል። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህ መንገድ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ባንድ እንዲህ ባለ ሌሊት መብራቱ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን ሲከናነብ፣ ባጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «ወንድሜ፣ ባሕሩን ተሻገርን?» ብላ ጠየቀችኝ። ከፊቷ ያለውን ካርታ ከፈትሁላትና ትንሿ አይሮፕላን ያለችበትን አሳየኋት። ከዚያ ወዲያ ዐይኗን ከካርታው አልነቀለችም። ዐረብ አገር አራት ዓመት ቆይታለች። በሁለተኛው ዓመት አባቷ ዐርፏል፤ መርዶውን የሰማችው በስልክ ነው። በላከችው ገንዘብ ቤታቸው ቆርቆሮ ለብሷል፤ እርሷ ግን በፎቶግራፍ እንጂ በዐይኗ አላየችውም። «ሰዎቹ ቦሌ የሚመጡት እልል ሊሉ ነው ወይስ ሊያለቅሱ?» አለችኝ። ጥቂት ዝም አለችና ደግሞ «መጀመሪያ ወደ ቤት ነው የምሄደው ወይስ ወደ መቃብሩ?» አለች። የሚመልሰው ቃል አልነበረኝም። እርሷም መልስ ፈልጋ አልነበረም፤ የሚሰማት ሰው ግን ፈልጋ ነበር። እየተጨዋወትን ነጋ።

የሁለታችንም ቲኬት የአንድ ማዕረግ፣ ወንበራችን የአንድ ረድፍ ነበር። ጎብኚው «ገንዘቤን ከፍያለሁ፣ ልተኛበት» ቢል ጥፋት የለበትም፤ እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ ከላይ ራሴ በቁጥር ተናግሬያለሁ። ነገር ግን እንቅልፍ ነገም ይገኛል። ከአራት ዓመት በኋላ አገሩን ለማየት አራት ሰዓት የቀረው ሰው ግን ያን ሌሊት ሁለተኛ አያገኘውም። ስለዚህ ዐይንዎን በጨርቅ፣ ጆሮዎን በውታፍ ከመዝጋትዎ በፊት ባጠገብዎ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ይመልከቱ። ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር፣ መብራቱ እንዴት እንደሚጠፋ ያልታየው ሰው ካለ ሳይጠይቅዎ ያሳዩት፤ መጠየቅ የሚያሳፍረው ብዙ ነውና።

የቀረው ተራ ጨዋነት ነው። ወንበርዎን ወደ ኋላ ከማስተኛትዎ በፊት ዞር ብለው ከኋላዎ ያለውን ይመልከቱ፤ ሕፃን ታቅፎ ይሆናል። በመካከል የተቀመጠው መስኮትም መተላለፊያም የለውምና የክንድ ማሳረፊያውን ይተዉለት። ጫማዎን ካወለቁ ካልሲዎ ይታሰብበት። የማያውቁት ሰው ራስ ከትከሻዎ ላይ ቢወድቅ በቁጣ አይግፉት፤ ያ ሰው ከሁለታችሁ ዕድለኛው ነው።

በመጨረሻም የሚበልጠውን ምክር ልንገርዎ። የሌሊቱን ዋጋ ከጉዞው ወጪ ጋራ አስቀድመው ይቍጠሩት። የአራት ቀን ፈቃድ ካለዎት ሦስቱን ይዙሩበትና አራተኛውን ለሰኞ ያስቀምጡት። ከቦሌ በታክሲ ወይም ሊቀበልዎ በመጣ ዘመድ መኪና ይሂዱ እንጂ መሪ አይጨብጡ። ቤትዎ ገብተው ቡናው እስኪፈላ ጋደም ይበሉ፤ ሻንጣው ይቈይ፣ ካፖርቱም ለባለቤቱ ይደርሳል። ማክሰኞ ጧት ሥራዎ ላይ ሲገኙ፣ የዱባይን ነገር የሚተርኩት ነቅተው ይሆናል፤ የሚሰማዎትም ሰው አያዛጋም።

ለሚመጣው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።