ሊኑክስ የሚማር ሰው ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይግዛ

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ቀን ፓርኪንግ ሠርቶ ወይም ኡበር ነድቶ ማታ የአይቲ ኮርስ የሚከታተል ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ሴኩሪቲ ፕላስ ይላል፤ ሌላው ክላውድ፤ ሌላው ሬድ ሃት። በቂ ምክንያትም አላቸው። ከፔንታጎን ጋር የሚሠሩ ኮንትራክተሮች ሰርተፊኬት ይጠይቃሉ፤ ከደለስ አየር ማረፊያ ጥቂት ማይል ርቃ በምትገኘው አሽበርን ደግሞ በዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት አለ። እዚያ ሌት ተቀን ከሚሠሩት ሰርቨሮች አብዛኞቹ የሚንቀሳቀሱት በሊኑክስ ነው። ታዲያ ተመዝጋቢው ገና ክፍል ሳይገባ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ «ምን ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛ?» ቡና ላይ የሚሰጠው መልስ ብዙ ሰውን ገንዘቡንም ጊዜውንም እያስከፈለ ነው ብዬ አምናለሁ።

መልሱ የታወቀ ነው። አዲስ ይሁን፣ ትልቅ ይሁን፣ ኮር አይ 7 ይሁን፣ የጌም ግራፊክስ ካርድ ካለው ደግሞ እሰየው። ሰውየው በክሬዲት ካርድ ይገዛል። ዊንዶውሱን እንዳለ ይተወውና ሊኑክስን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ይጭናል፤ ክፍል ባለበት ማታ ከፍቶ ላብ ይሠራል፤ ከዚያ ይዘጋዋል። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከድርጅት የወጣ፣ ከሦስት ፓውንድ የማይበልጥ የቢሮ ላፕቶፕ ይግዛ፤ ሊኑክስን በቀጥታ ማሽኑ ላይ ይጫን፤ ኢሜይሉንም፣ ቢሉንም፣ ዩቲዩቡንም በእሱ ላይ ያድርግ።

ክብደቱን ያስቀደምኩት እኛ ዘንድ ትምህርት የሚጠናው በተቆራረጠ ሰዓት ስለሆነ ነው። ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ መኪና እስኪመጣ፣ ደለስ ላይ የኡበር ወረፋ እስኪደርስ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪወጣ። ከሳውዘርን ታወርስ ወጥታ ቦሬጋርድ መንገድን ይዛ ወደ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ የምትሄድ ተማሪ መጽሐፉንም፣ ምሳውንም፣ የሥራ ዩኒፎርሙንም በአንድ ቦርሳ ነው የምትሸከመው። የጌም ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ስድስት ሰባት ፓውንድ ይመዝናል፤ ከሶኬት ሲነቀል ደግሞ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ቤት ይቀራል፤ ባለቤቱ የሚያገኘው ከሺፍት ሲመለስ፣ እንቅልፍ ሲጫጫነው ብቻ ነው። በአንጻሩ የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን 6ኛው ትውልድ ሁለት ፓውንድ ተኩል ገደማ ነው። ቲንክፓድ ቲ480ኤስ እና የኤችፒ ኤሊትቡክ 830 ጂ5 ሦስት ፓውንድ አይሞሉም። ሦስቱም በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ስለሚደረጉ አንድ ደህና ቻርጀር ለስልክም ለላፕቶፕም ይበቃል።

ግን ቀላል ላፕቶፕ ሁሉ ለሊኑክስ አይመችም። ወሳኙ ነገር ድራይቨሩን ማን ጻፈው የሚለው ነው። ኢንቴል ለዋይፋይ ካርዶቹ የሊኑክስ ድራይቨር የሚጽፈው በራሱ መሐንዲሶች ነው፤ ኮዱም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ውስጥ ይገባል፤ ሊኑክስ እንደተጫነ ዋይፋዩ ያለምንም ጣጣ ይሠራል። ርካሽ በሆኑት አዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኙት አንዳንድ የሪያልቴክ ካርዶች ግን ጀማሪን ያስለቅሳሉ፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። የቢሮ ላፕቶፕ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሊኑክስን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ብዙዎቹ የሚይዙት ቲንክፓድ ነው። ችግር ቢገጥማቸው ለራሳቸው ሲሉ ያስተካክሉታል። ዴል ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ኤክስፒኤስ 13 መሸጥ የጀመረው በ2012 ሲሆን፣ ሌኖቮም በ2020 ፌዶራ የተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ኤክስ1 ካርቦን ለገበያ አቅርቧል። አዲስ የወጣ ሞዴል ግን ከርነሉ እስኪደርስበት ወራት ሊወስድ ይችላል። ሁለት ሦስት ዓመት ቢሮ የከረመ ማሽን ያን ጊዜ አልፎታል።

ማክቡክ ኤር የሚሉኝ አሉ። ግሩም ማሽን ነው፣ ቀላልም ነው። ሆኖም የአፕልን ቺፕ ለሊኑክስ የሚያመቻቸው አሳሂ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ የሚታመነው በዋናነት በኤም1 እና በኤም2 ላይ ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

የትኛው ትውልድ? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። በዚህ ምክንያት 6ኛና 7ኛ ትውልድ የሆኑ ማሽኖች ከየመሥሪያ ቤቱ እየወጡ ነው፤ ዋጋቸውም ያጓጓል። ሊኑክስ በእነሱም ላይ ይሠራል። ነገር ግን ኢንቴል በ2017 ባወጣው 8ኛ ትውልድ ላይ የቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ፕሮሰሰር ከሁለት ኮር ወደ አራት አድጓል። ሁለት ሦስት ሰርቨር በአንዴ አስነስቶ እርስ በርስ ማገናኘት ላለበት የሬድ ሃት ተማሪ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ሚሞሪው ደግሞ 16 ጊጋ። የኤክስ1 ካርቦን ሚሞሪ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ 8 ጊጋ የሆነውን የገዛ ሰው እስከ መጨረሻው በ8 ይቀራል። ቲ480ኤስ አንድ ክፍት የሚሞሪ ማስገቢያ አለው፣ ኤሊትቡኩ ሁለት። ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብባል ቲ480ኤስን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ፌዶራ ወይም ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። ሪፈርቢሽድ ከሚሸጥ መደብርም ሆነ ከግለሰብ ሲገዛ ሻጩን «በዚህ ላስነሳው» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ማሽኑ ባዮስ ውስጥ ለመግባት የይለፍ ቃል ከጠየቀ የድርጅቱ ቁልፍ አልወረደለትም ማለት ነውና መተው ይሻላል። ካልጠየቀ ከፍላሹ አስነስቶ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን ማየት። ክዳኑን ዘግቶ ጥቂት ቆይቶ መክፈት። ኤክስ1 ካርቦን 6ኛው ትውልድ መጀመሪያ ሲወጣ ሊኑክስ ላይ በደንብ አይተኛም ነበር፤ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ባትሪውን ይጨርስ ነበር። ሌኖቮ በኋላ በባዮስ አፕዴት ለእንቅልፉ «ሊኑክስ» የሚል ምርጫ ጨምሯል፤ እሱ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ከዚያ ተርሚናል ከፍቶ ዩፓወር በሚባለው ትዕዛዝ ባትሪውን ማየት፤ ፋብሪካው 57 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ አሁን 34 ብቻ የሚይዝ ከሆነ አርባ በመቶው አልቋል፤ ዋጋው ላይ መከራከሪያ ይሆናል። በመጨረሻም ቻርጀሩን በእያንዳንዱ የዩኤስቢ ሲ ማስገቢያ መሞከር። ከ2017 እስከ 2019 በወጡ ብዙ ቲንክፓዶች ላይ የተንደርቦልት ፈርምዌር ችግር ነበር፤ አፕዴት ሳይደረግለት የቆየ ማሽን ማስገቢያው ሊሞት ይችላል። የጣት አሻራ ባይሠራ ግን አያስጨንቅ፤ ብዙዎቹ ሊኑክስ ላይ አይሠሩም።

አማርኛ ለመጻፍም የሚገዛ ነገር የለም። አይባስ በሚባለው የኪቦርድ ሥርዓት ላይ የአማርኛውን መጨመር ብቻ ነው። ግኖም የተባለውን ዴስክቶፕ ወደ አማርኛ የመመለሱን ሥራም ግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮታል፤ ሊያሟላው ለሚፈልግ ተማሪ በሩ ክፍት ነው።

የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ፈተና ነው፤ ተገቢም ነው። የፈተና ድርጅቱ ፒርሰን ቪዩ ከቤት ሆኖ ለመፈተን የሚሰጠው ሶፍትዌር ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ አንዳንድ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ሎክዳውን ብራውዘርም እንዲሁ። ሴኩሪቲ ፕላስ የሚፈተን ሰው ወደ ፈተና ማዕከል ይሂድ፤ ለእኔ እንዲያውም ልጅ ከሚጮህበት አፓርታማ ማዕከሉ ይሻላል። ለኮሌጁ ደግሞ ዲስኩ ላይ ለዊንዶውስ ትንሽ ቦታ መተው ይቻላል። የሬድ ሃት ፈተና ግን የተለየ ነው። ከቤት የሚፈተን ሰው ማሽኑን የሚያስነሳው ራሱ ሬድ ሃት ካዘጋጀው የሊኑክስ ፍላሽ ነው። ምርጫ የሚከበብበት ጥያቄ የለውም፤ ሰርቨር ይሰጡሃል፣ አስተካክል ይሉሃል።

ከሬድ ሃት የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ዓላማዎች አንዱ የማሽኑን መነሳት መሃል ላይ አቋርጦ መግባት ነው። ሊኑክስን በራሱ ላፕቶፕ የጫነ ሰው ይህን ማሠልጠኛው ሳያስተምረው ይጋፈጠዋል፤ አንድ ቀን አፕዴት ይሳሳታል፣ ማሽኑ አልነሳ ይላል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ የሚላክ የቤት ሥራ አለ። ቨርቹዋል ማሽን ቢበላሽ ይሰረዝና ሌላ ይፈጠራል፤ የራስን ላፕቶፕ ግን ከመጠገን ሌላ አማራጭ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ አሠልጣኞቻችን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢያውሉት፣ እያንዳንዱ ተማሪ ላፕቶፑንና ፍላሹን ይዞ መጥቶ እዚያው ጭኖ እንዲሄድ ቢያደርጉ፣ ተማሪው ሁለተኛው ክፍል ሲደርስ ከስላይዱ ሳይሆን ከራሱ ማሽን የወጡ ጥያቄዎች ይዞ ይመጣል።